እጅ የሠራውን ልብ ይይዘዋል

በምዕራብ ጎጃም ሰከላ ወረዳ፣ ከግሽ ዓባይ ከተማ አጠገብ፣ ዓባይ ከምድር ብቅ የሚልባት ምንጭ አለች። ጠበሉን ፍለጋ ከየአገሩ የሚጎርፈው ምእመን ከአካባቢው አባቶች ስለ አቡነ ዘርዓ ብሩክ አንድ ታሪክ ሳይሰማ አይመለስም። ጻድቁ ከስፍራው ሊለዩ ባሉ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው አደራቸውን ቢጠይቁ ውኃው አንዲት ፊደል ሳያርስባቸው መለሰላቸው ይባላል።

እኛም በየዕለቱ አደራ እንሰጣለን። የምንሰጠው ለምንጭ ሳይሆን ለገዛ ልባችን ነው። ተማሪው ለፈተና ያነበበውን፣ እናት ሐኪም ያዘዘላትን የመድኃኒት ሰዓት፣ አባት ከቤት ሲወጣ “ይህንም እንዳትረሳ” የተባለውን ዕቃ ሁሉ “ይዤዋለሁ፣ አይጠፋኝም” ብለን እናስቀምጣለን። አንዳንዱ አደራ በሰዓቱ ይመለሳል። ሌላው ግን በተፈለገበት ሰዓት ድራሹ ይጠፋል። የሚገርመው መርሳታችን ብቻ አይደለም። የትኛውን እንደምንረሳና የትኛውን እንደምናስታውስ አስቀድመን የምንሰጠው ግምትም ብዙ ጊዜ ከእውነታው ይርቃል።

ሥነ አእምሮ አጥኚዎች ላለፉት አርባ ዓመታት ያህል አንድ ቀላል ጥያቄ ሲመረምሩ ቆይተዋል። ሰው በጆሮው ብቻ የሰማውንና በእጁ የሠራውን እኩል ያስታውሳል? የትኛው እንደሚቀርለትስ ያውቃል? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የጎጃም የአብነት መምህራንን የሚያስደንቅ አይደለም። የሁለተኛው መልስ ግን ልጁን ለፈተና የሚያዘጋጅ ወላጅ ሁሉ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

በአፍ፣ በጣት፣ በእግር

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወጣ ብሎ ወደ ገጠሩ የዘለቀ ሰው ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የሕፃናት ድምፅ ሳይሰማ አይቀርም። ፊደል የሚቆጥረው ሕፃን ዝም ብሎ አያይም። በስንደዶ ወይም በስንጥር እያንዳንዷን ፊደል እየነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራታል። ዓይኑ ያያል፣ ጣቱ ይጠቁማል፣ አፉ ይናገራል፣ ጆሮው የራሱን ድምፅ ይሰማል። አንዲት ፊደል በአራት በር ትገባለች ማለት ነው።

ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት እያለ የሚያድገው ተማሪ ሌሊት ደግሞ “የቃል ትምህርት” አለበት። መብራት በሌለበት፣ መጽሐፍ ሳይገለጥ፣ ከመምህሩ ወይም ከታላቅ ተማሪ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ይይዛል። ዛሬ የተቀበለውን ነገ ሳያይ ካላለው ወደሚቀጥለው አያልፍም።

ወደ አቋቋም ቤት የገባ ሰው ደግሞ ትምህርቱ መላ አካልን እንደሚጠይቅ ያያል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ዜማ በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልቶች ይዜማል። አቋቋም ለዚህ ዜማ እንቅስቃሴ ይሰጠዋል። በዝማሜ መቋሚያው ከዜማው ጋር ይወዛወዛል፤ በመረግድ እግር መሬቱን ይረግጣል፣ ከበሮም ይከተላል፤ በጽፋት ጭብጨባው ይፈጥናል። አንድ መሪጌታ አንዲት ቃል ድንገት ብትጠፋበት መቋሚያውን አንሥቶ እንቅስቃሴውን ሲጀምር ቃሏ ተከትላ ብትመጣለት አይደንቅም። ዜማው፣ ቃሉና እንቅስቃሴው ተሳስረው የገቡ ናቸውና አንዱ ሲጎተት ሌላው ይከተላል።

ጎጃም ሲነሣ ደግሞ ቅኔ ይነሣል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ እየተባሉ የሚጠሩት ጉባኤዎች ከየአገሩ ተማሪ የሚሰበስቡ ነበሩ፤ ናቸውም። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ሰምቶ በመድገም አይመረቅም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የራሱን እያወጣና እያወረደ፣ ለመምህሩ እየነገረ፣ እየታረመ ነው የሚያድገው። ራሱ የፈጠረው ስለሆነ አይረሳውም። እ.ኤ.አ. በ1978 ኖርማን ስላሜካና ፒተር ግራፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ የደረሱበት ግኝትም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ተዘጋጅቶ የቀረበላቸውን ቃል ካነበቡ ሰዎች ይልቅ፣ ከፊሉ ተሰጥቷቸው ቃሉን ራሳቸው እንዲያወጡት የተደረጉት በተሻለ ሁኔታ አስታውሰዋል።

“ክብሪቱን ስበር” የተባለውና የሰበረው

ጉዳዩ በቤተ ሙከራ የተፈተነው በጣም ቀላል በሆነ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን ዮሐንስ ኤንግልካምፕ፣ በካናዳ ሮናልድ ኮኸን፣ በሌሎች አገሮችም ሌሎች ተመራማሪዎች ለሰዎች አጫጭር የትእዛዝ ዝርዝር አቀረቡ። “እስክሪብቶውን አንሣ”፣ “ክብሪቱን ስበር”፣ “አፍንጫህን ንካ” የሚሉ ዓይነት ናቸው። ከፊሎቹ ትእዛዙን ሰምተው ወይም አንብበው ብቻ ለማስታወስ ይሞክራሉ። ሌሎቹ እያንዳንዱን ትእዛዝ እንደሰሙ ይፈጽሙታል። ከዚያ ሁሉም ያስታወሱትን እንዲናገሩ ይጠየቃሉ።

ውጤቱ በተደጋጋሚ አንድ ዓይነት ሆነ። የፈጸሙት ሰዎች ከሰሙት ሰዎች ይልቅ በግልጽ የበለጠ አስታወሱ። በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ብራዲ ሮበርትስ፣ ኮሊን ማክላውድና ማይራ ፈርናንዴዝ ከመቶ በላይ ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ሥራም የድርጊት ጥቅም ትልቅና ደጋግሞ የሚታይ መሆኑን አሳይቷል። ዕቃው በእጅ ባይኖር እንኳ፣ ልክ እንደያዙት ሆኖ እንቅስቃሴውን መሥራት ብቻውን ይረዳል።

ለምን ይሆን? ምሁራኑ በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ኤንግልካምፕ ዋናው ምክንያት እንቅስቃሴው ራሱ ነው ይላል። አካል ድርጊቱን አቅዶ ሲፈጽመው ከቃሉ ሌላ ተጨማሪ አሻራ ይተዋል ባይ ነው። ስዊድናውያኑ ላርስ ቤክማንና ላርስ-ጎራን ኒልሰን ደግሞ ድርጊት ዓይንን፣ ጆሮን፣ መዳሰስን አንድ ላይ ስለሚያሰማራ መረጃው በብዙ በር ይገባል ብለዋል። ሌላም ቀላል ምክንያት አለ። “ክሩን ቋጥረው” የተባለ ሰው ትእዛዙን ሳይረዳ ሊፈጽመው አይችልም። ሰሚው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ሠሪው ግን ክሩን ሲቋጥር ሐሳቡ የግድ እዚያው ነው።

ጠንቀቅ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ይህ ማለት ልጅ እየዘለለና እየተወዛወዘ ካጠና ትምህርቱ ይገባዋል ማለት አይደለም። እንቅስቃሴው የሚረዳው ከሚጠናው ነገር ትርጉም ጋር ሲገጥም ነው። በዚያ ላይ ድርጊት የሚረዳው በይበልጥ “ምን ምን ነበር?” ለሚለው ነው፤ “የቱ ቀደመ፣ የቱ ተከተለ?” ለሚለው የቅደም ተከተል ጥያቄ ያን ያህል አይረዳም። በአቋቋም ይህን ክፍተት ዜማው ይሞላዋል። ዜማ መጀመሪያና መጨረሻ ስላለው እንቅስቃሴዎቹን በተራ ያስራቸዋል።

ጋጣውና ትራክተሩ

ለታናናሽ ልጆች ወላጆች ደስ የሚል አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ወጥቷል። አርተር ግሌንበርግና ባልደረቦቹ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ስለ እርሻ ቤት የሚያወሩ አጫጭር ታሪኮችን እንዲያነቡ አደረጉ። በልጆቹ ፊት የመጫወቻ ጋጣ፣ ትራክተርና እንስሳት ተደርድረው ነበር። ከፊሎቹ ዓረፍተ ነገሩን ካነበቡ በኋላ የተባለውን በመጫወቻዎቹ ፈጸሙት፤ ገበሬው ትራክተሩን ወደ ጋጣው ነዳ ካለ ትራክተሩን ወስደው ያስገባሉ። ሌሎቹ መጫወቻዎቹን እያዩ ዓረፍተ ነገሩን ደግመው አነበቡ። የፈጸሙት ልጆች ታሪኩን በተሻለ ሁኔታ ተረዱት፣ አስታወሱትም። ከዚያ በኋላ መጫወቻውን ሳይነኩ እንቅስቃሴውን በሐሳባቸው ብቻ እንዲፈጽሙ ሲማሩም ጥቅሙ ቀጠለ።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህን ለመሞከር መጫወቻ መግዛት አያስፈልግም። የበቆሎ ቆረቆንዳ በሬ ይሆናል፤ ጠጠር በግ ይሆናል፤ በአመድ ላይ የተሠመረ መስመር ወንዝ ይሆናል። የገጠር ልጅ ጨዋታው ራሱ እንዲህ ነው። “አምስት በጎች ነበሩ፣ ሁለቱን ቀበሮ በላ” የሚለውን ሒሳብ በጠጠር የሠራ ልጅ መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ በጣቱ አይቶታል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከጨዋታነት ያለፈ ነው። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ልጁ የተማረውን እንዳይረሳ የሚያደርገው በእጅ ያለው ቤት ነው። መጽሐፍ ባይኖር፣ መምህር ባይኖር፣ እጅና ጠጠር፣ ምድጃና ጓሮ አሉ። ያልተማረ ወላጅ ደግሞ “እኔ ምን አውቄ አስተምራለሁ?” ማለት የለበትም። “የተማርከውን ሠርተህ አሳየኝ” ማለት ለማንም ወላጅ ይቻላል።

የማስታወስ ግምታችን ለምን ይስታል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። አበው “የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳም” ብለዋል። ተረቱ የሚናገረው ስለ ቂምና ስለ ቁስል ቢሆንም ሌላም ነገር ያስታውሰናል። ሠሪው ራሱ ምን ይዞ እንደቀረና ምን እንደጣለ ሁልጊዜ አያውቅም።

ቀደም ሲል ስሙ የተነሣው ሮናልድ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። ሰዎች ቃላትን ሲሰሙ ወይም ትእዛዞችን ሲፈጽሙ፣ ለእያንዳንዱ “ይህን በኋላ የማስታወስ ዕድሌ ምን ያህል ነው?” ለሚለው ግምት እንዲሰጡ ጠየቃቸው። በቃላቱ ላይ ግምታቸው ደህና ነበር፤ አስታውሰዋለሁ ያሉትን በብዛት አስታወሱ። በፈጸሟቸው ድርጊቶች ላይ ግን ግምታቸው ዋጋ አልነበረውም። “ይህ አይጠፋኝም” ያሉት ጠፍቶ፣ “ይህ ይጠፋኛል” ያሉት ይገኝ ነበር። በእጅ የተሠራው ብዙ ይቀራል፤ የትኛው እንደሚቀር ግን ሠሪው አስቀድሞ ሊያውቅ አልቻለም።

እጅ የሚያውቀውን ባለቤቱ የማያውቅበት ከዚህም የሚገርም ምሳሌ አለ። ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር በልቡ መያዝ አልቻለም፤ አሁን ያየውን ሰው ጥቂት ቆይቶ አያውቀውም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች የካናዳ ምሁር በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል መስመር እንዲከተል አደረገችው። ሥራው ለማንም አስቸጋሪ ነው። ሞላይሰን ከቀን ወደ ቀን እየቀለለው፣ እየጠራለት ሄደ። በየጊዜው ግን ሥራውን ከዚያ በፊት ፈጽሞ እንዳልሠራው ይሰማው ነበር። እጁ ተምሯል፤ እሱ ግን መማሩን አያውቅም።

የተገላቢጦሹ ደግሞ በየቤቱ ያለ ችግር ነው። ተማሪው ደብተሩን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ያነባል። በአራተኛው ጊዜ ቃላቱ ሁሉ ስለሚታወቁት “ይዤዋለሁ” ብሎ ይዘጋዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በአሜሪካ ባወጡት ጥናት አንደኛው ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው ቡድን አንድ ጊዜ አንብቦ ከዚያ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ደጋግሞ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ ግምታቸውን ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት ከፍ ያለ ግምት ሰጡ። ከሳምንት በኋላ የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። ደጋግመው የጻፉት 61 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶውን ብቻ አስታወሱ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ከባድ ነው። ትምህርቱ እየገባን እንደሆነ የሚሰማን ስሜት ትምህርቱ እንደገባን ማረጋገጫ አይደለም። የቀለለን ነገር የያዝነው ይመስለናል፤ ያስቸገረን ነገር ያልያዝነው ይመስለናል። የአብነት ተማሪ ይህ ስሕተት ብዙም አያገኘውም፤ “ይዤዋለሁ” ማለቱ ዋጋ የለውምና። በመምህሩ ፊት ቆሞ ካላለው አልያዘውም።

በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ትምህርት ሚኒስቴር አስታውቋል። የዚህ ምክንያት ብዙ ነው፤ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረት፣ ጦርነት፣ የትምህርት ጥራት ሁሉ አሉበት። በአጠናን ዘዴ ብቻ የሚፈታ አይደለም። ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ ደብተር ሲያነብ ያደረን ልጅ “በርታ” ከማለት ባሻገር “እስቲ ደብተሩን ዝጋና ንገረኝ” ማለት ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ እርዳታ ነው። ካልቻለ ያልቻለው ከፈተናው በፊት መሆኑ ትርፉ ነው።

ስልኩን ከእናት እጅ አትውሰዱ

ድርጊት የሚረዳው ልጆችን ብቻ አይደለም። ቤክማንና ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት ወጣቶችንና አረጋውያንን አወዳድረዋል። በቃላት ላይ አረጋውያኑ እንደተጠበቀው ወደ ኋላ ቀሩ። ድርጊቶቹን በፈጸሙበት ጊዜ ግን በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት እጅግ ጠበበ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ልዩነቱ ሁልጊዜ ፈጽሞ እንደማይጠፋ ቢያሳዩም፣ አረጋውያን በመሥራት እንደሚጠቀሙ አረጋግጠዋል።

ይህን በቤታችን እንየው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ገጠር ድረስ ገብቷል። ልጅ እናቱን ገንዘብ መላክ ሲያስተምር ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ስልኩን ከእጇ ወስዶ፣ “ይኸው፣ ይህን ነክተሽ፣ ከዚያ ይህን፣ አለቀ!” እያለ ራሱ መሥራት ነው። እናትም “እሺ ልጄ፣ ገባኝ” ትላለች። በማግስቱ ግን ከየት እንደሚጀመር ይጠፋታል። ልጁም “ትናንት አሳይቼሽ የለ?” ይላል። አዎ፣ አሳይቷታል፤ የሠራው ግን እሱ ነው። ስልኩ በእናት እጅ ይሁን፤ ጣቱ የእናት ይሁን። ልጁ ይናገር፣ እናት ትሥራ። ከዚያ “አሁን ደግሞ እኔ እንዳላውቅ ሆኜ ልቀመጥና አንቺ አስተምሪኝ” ይበላት። የምስጢር ቁጥሯን ግን ለእርሷ ብቻ ይተውላት።

ሠርቼዋለሁ ወይስ አስቤው ነው?

የድርጊት ትዝታ የሚያታልለን ቦታም አለ። “መድኃኒቴን ውጫለሁ ወይስ ልውጥ ብዬ ነው የተነሣሁት?” “ሲሊንደሩን ዘግቻለሁ?” “በሩን ቆልፌዋለሁ?” ብለን ከመንገድ የተመለስን ጥቂቶች አይደለንም።

ሊን ጎፍና ሄንሪ ሮዲገር እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጥናት ምክንያቱን ያሳየናል። ሰዎች ያልፈጸሙትን ቀላል ድርጊት እንደፈጸሙት አድርገው ደጋግመው እንዲያስቡ ተደረገ። ባሰቡት ቁጥር ልክ፣ በኋላ “ይህንማ ሠርቼዋለሁ” የማለታቸው ዕድል ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በጀርመን ኢዛቤል ሊንድነር፣ ጌራልድ ኤክተርሆፍና ባልደረቦቻቸው ሌላ ሰው ሲሠራ በቪዲዮ ማየት ብቻ “እኔ ነኝ የሠራሁት” የሚል የተሳሳተ ትዝታ ሊፈጥር እንደሚችል አሳዩ። ወንድማማቾች “በጎቹን ያስገባሁ እኔ ነኝ!” “የለም፣ እኔ ነኝ!” እያሉ ሲጣሉ አንዱ የግድ ውሸታም ነው ማለት አይደለም። አይቶት ሊሆን ይችላል፤ ማየቱ መሥራት መስሎት።

በተለይ በየቀኑ መድኃኒት ለሚወስዱ የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየቀኑ የሚደረግ ድርጊት ከትናንቱ ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ በልብ መተማመን አይበቃም። በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ መድኃኒቱን እንደወሰዱ ምልክት ማድረግ፣ ወይም “የዛሬውን የማክሰኞ መድኃኒት ወሰድኩ” ብሎ ለቤተሰብ ጮክ ብሎ መናገር ይረዳል። ምልክቱ ግን ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ እንጂ ሊዋጥ ሲታሰብ አይደረግ።

ከአቦል እስከ ቶና

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ በእኛ ቃል ብቻ አትመኑ። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ቤታችሁ ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ሁለት ዝርዝር አዘጋጁ። የመጀመሪያው ይህ ይሁን፦ ማንኪያውን ገልብጥ፤ ክሩን ቋጥር፤ ሳንቲሙን ከስኒው ሥር ደብቅ፤ ጆሮህን ንካ፤ ወረቀቱን እጠፍ፤ ሁለት ጊዜ አጨብጭብ፤ ክብሪቱን ስበር፤ ጭንቅላትህን እከክ፤ ቁልፉን አንሣ፤ የቡና ፍሬውን አሽት።

ሁለተኛው ደግሞ፦ ስኒውን ገፋ አድርግ፤ ጣቶችህን ቁጠር፤ ጠጠሩን ወርውር፤ አፍንጫህን ያዝ፤ ጨርቁን ጠምዝዝ፤ ጠረጴዛውን አንኳኳ፤ እስክሪብቶውን ክፈት፤ እጅህን አጣምር፤ ጫማህን ንካ፤ ክዳኑን ግጠም።

አንደኛው ልጅ የመጀመሪያውን ዝርዝር እየሰማ ይፈጽም፤ ሁለተኛውን ይስማ ብቻ። ሌላው ልጅ በተቃራኒው ያድርግ። ከዚያ እያንዳንዱ ከየዝርዝሩ ስንት እንደሚያስታውስ ግምቱን በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ወረቀቱም ተጣጥፎ ይቀመጥ። አቦሉ ይጠጣ፣ ስለ ሌላ ነገር ይወራ። ቶናው ሲቀዳ ሁሉም የሚያስታውሰውን ይናገርና ከግምቱ ጋር ይመዛዘን። አያትም ይግቡበት፤ የልጅ ልጆቻቸውን ሊያስደንቁ ይችላሉ።

ከጨዋታው በኋላ ለጥናት የሚሆኑ ጥቂት ነገሮችን ልጆቻችሁን አስለምዷቸው።

መጀመሪያ፣ በእጅ የሚሠራውን በእጅ ይሥሩት። የዓባይን መንገድ ከጣና እስከ ሱዳን ድንበር የሚያጠና ልጅ ካርታውን መጽሐፉን ዘግቶ ራሱ ይሣለው። ስለ ዘር መብቀል የሚማር ባቄላ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ያብቅል። ፊደል የሚቆጥር በሰፌድ ላይ በተነሰነሰ ዱቄት በጣቱ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የተማሩትን ለታናሻቸው ያስተምሩት። በአብነት ትምህርት ቤት ታላቁ ተማሪ ታናሹን ማስተማሩ ለመምህሩ ድካም ማቅለያ ብቻ አይደለም። የሚያስተምር ሰው የጎደለውን ወዲያው ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ “ገባኝ” የሚለውን ቃል በዚያው ሰዓት አትቀበሉ። ቶማስ ኔልሰንና ጆን ደንሎስኪ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት ሰዎች የማስታወስ ግምታቸውን ወዲያው እንዳጠኑ ሳይሆን ጥቂት ቆይተው ሲሰጡ ግምታቸው እጅግ ትክክለኛ እንደሚሆን አሳይተዋል። ወዲያው ሲጠየቅ ነገሩ ገና በአፉ ላይ ነው። ማታ ያጠናውን ጠዋት ቁርስ ሲበላ ጠይቁት። ያኔ የሚመልሰው መልስ ነው የያዘው።

አራተኛ፣ ያስቸገረውን እንዳይፈራ ንገሩት። መጽሐፍ ዘግቶ ለማስታወስ መታገል ከማንበብ ይከብዳል፤ ያልገባውም ያስመስለዋል። የሚጠቅመው ግን ያ ትግል ነው።

የግሽ ዓባይ ምንጭ አደራውን ሳያርስ መለሰ ይባላል። የእኛ ልብ እንዲህ የታመነ አይደለም፤ የሰጠነውን ሁሉ አይመልስም፤ ምን እንደሚመልስም አስቀድሞ በትክክል አይነግረንም። ያለን አማራጭ አደራውን በአንድ እጅ ብቻ አለመስጠት ነው። በጆሮ የሰማነውን በአፍ እንበለው፤ በአፍ ያልነውን በእጅ እንሥራው፤ ከዚያም ከፈተናው ቀን በፊት፣ መድኃኒቱ ሳይታለፍ፣ “መልስልኝ” ብለን እንጠይቀው። ዛሬ ማታ ልጃችሁ “አጠናሁ” ሲላችሁ ደብተሩን ተቀበሉትና “ሠርተህ አሳየኝ” በሉት።